ሳይመሳሰል የቀረው ፍላሽ

በሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ከደረጃው በስተግራ፣ በሩ በወፍራም ብርድ ልብስ የተሸፈነ ጠባብ ክፍል አለ። ብርድ ልብሱ የተቸነከረው የመንገዱ ጩኸት እንዳይገባ ነው። ውስጡ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ ማይክሮፎንና አንድ ያረጀ ኮምፒውተር አለ። በዚያ ክፍል አንዲት ሴት ዓይናቸው ለማያይ ሰዎች መጽሐፍ ስታነብ ኖራለች። እኔ ከሥሯ፣ አንደኛው ፎቅ ላይ፣ የተቀዳደዱ መጻሕፍት እጠርዛለሁ። ፊደል የለየሁትም እዚያው ሥራዬ ላይ፣ ከተቦጨቁ ገጾች ነው። ያነበብኩት አልገባኝ ሲል ደረጃውን ወጥቼ የምጠይቀው እሷን ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ «አሁን ጊዜ የለኝም» ብላኝ አታውቅም።

አድማጮቿ «እትዬ አንባቢ» ይሏታል። እኔም እንደነሱ እላታለሁ።

ወደዚህ ሥራ ያስገቧት እናቷ ናቸው። እትዬ አንባቢ ያኔ ባንኮኒ ኋላ ቆማ መጽሐፍ የምታውስ ሠራተኛ ነበረች። እናቷ በስተእርጅና ዓይናቸው እየደከመ ሄደና ጋዜጣ እንኳ ማየት ተሳናቸው። እሷ ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን አውልቃ አጠገባቸው ትቀመጥና ታነብላቸዋለች። አንድ ቀን እናትየው አቋረጧት አሉ።

«ልጄ፣ ይህን የመሰለ ድምፅ እኔ ብቻዬን ልብላው እንዴ? ኃጢአት አይሆንብኝም?»

በማግስቱ ማይክሮፎን ተውሳ መጣች። የመጀመሪያዎቹን መጻሕፍት የቀዳችው በቤቷ፣ በእናቷ ጓዳ አጠገብ ባለች ክፍል ውስጥ ነው። ብርድ ልብስ የተቸነከረበትን ክፍል ቤተ መጻሕፍቱ የሰጣት በኋላ ነው።

አሠራሯን ልንገራችሁ፤ የኋላው ነገር ሁሉ ከእሱ ጋር የተያያዘ ነውና። ስታነብ አንድ ቃል ከተሳሳተች ጠረጴዛውን በጣቷ አንጓ ሁለት ጊዜ ትመታለች፦ ኳ፣ ኳ። ከዚያ «ይቅርታ፣ ደግሜ አነባለሁ» ትልና ዓረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ድምፅ በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ እንደ ተዘረጋ ክር ነው የሚታየው፤ ሁለቱ ምቶች ደግሞ በክሩ ላይ እንደ ሁለት እሾህ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ስለዚህ ስህተቱ ያለበትን ቦታ ሳትፈልግ ታገኘዋለች። መጀመሪያ ላይ ግን ቆርጦ ማውጣቱን አታውቅበትም ነበር። አድማጮቹ ምቱንም፣ ይቅርታውንም፣ ድጋሚውንም አብረው ይሰሙ ነበር። ቆረጣውን የተማረችው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ስትማር ጊዜ ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሳ የድሮዎቹን አንድ በአንድ ማጽዳት ጀመረች።

«አድማጭ በኔ ስህተት ምን ዕዳ አለበት?» ትለኝ ነበር።

አድማጮቿ አርባ አንድ ነበሩ። እያንዳንዳቸው አንገታቸው ላይ በገመድ የሚያንጠለጥሏት ፍላሽ አለቻቸው፤ ቤታቸው ሲደርሱ በትንሽ ማጫወቻ ላይ ይሰኳታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጡና እትዬ አንባቢ ፍላሿን ኮምፒውተሩ ላይ ትሰካላቸዋለች። የኮምፒውተር ባለሙያዋ፣ ረጋ ያለች የሦስት ልጆች እናት፣ አንድ ፕሮግራም ጭናላት ነበር። ፍላሹ እንደተሰካ ፕሮግራሙ ራሱ ይነሳና ፋይሎቹን ያመሳስላል፤ ሲጨርስ አረንጓዴ ምልክት ያሳያል። ሰክቶ መንቀል ብቻ። እትዬ አንባቢ የድሮዎቹን ማጽዳት ስትጀምር ለባለሙያዋ አንድ ነገር ጨምራ ጠየቀቻት፦ ያልጸዳው ቅጂ ከሰዎቹ ፍላሽ ላይ ይጥፋ። ባለሙያዋም እንደታዘዘችው አደረገች፦ ኮምፒውተሩ ላይ የሌለ ነገር ፍላሹ ላይም እንዳይኖር።

በዚህ የተነሳ ነው ከጋሼ ሴንትራል ጋር የተጣሉት።

ጋሼ ሴንትራል ከልጅነታቸው ጀምሮ ዓይናቸው አያይም። ሠላሳ ዓመት በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የስልክ መስመር ሲያገናኙ ኖረው ነው ጡረታ የወጡት፤ ቅጽላቸውም ከዚያ የመጣ ነው። አንድ ቅዳሜ፣ እሳቸው ገና ፍላሻቸውን ሳያሰኩ፣ ከሌላ ሰው ማጫወቻ የጸዳውን ንባብ ሰሙ። ወዲያው ዱላቸውን እያንኳኩ ወደ ጠረጴዛዋ መጡ።

«የት ሄደ?» አሉ።

«ምኑ፣ ጋሼ?»

«ኳ ኳው ነዋ! ይቅርታሽስ? ሻይ ቀዘቀዘ እያሉ የሚጠሩሽ ሴትዮስ?»

«አጸዳሁት እኮ። ስህተት ነበር።»

«ስሚኝ ልጄ። እኔ ሠላሳ ዓመት መስመር ያገናኘሁ ሰው ነኝ። ከወዲያ ጫፍ ሰው መኖሩን የማውቀው በንግግሩ አይደለም፤ በሳሉ ነው፣ በትንፋሹ ነው፣ ወንበሩ ሲንቋቋ ነው። አንቺ ሰዉን አስወጥተሽ ቃሉን ብቻ አስቀረሽልኝ።»

«ለሌሎቹ ግን ጥርት ብሎ ይሰማቸዋል።»

«ለሌሎቹ ይጥራላቸው! የኔን ፍላሽ ግን እዚያ ከርሳም ማሽንሽ አፍ ውስጥ አልጨምርም።»

ወጥተው ሄዱ። ሦስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜን አልረገጧትም። ሌሎቹ «ጋሼ ሴንትራል መስመሩን ዘጉ» እያሉ ይቀልዱ ነበር። እትዬ አንባቢ አትስቅም፤ ስማቸው በተነሳ ቁጥር ፊቷ ጥቁር ይላል።

ሕመሙ የጀመራት እንደ ተራ ጉንፋን ነው። ድምጿ ሻከረ፤ ሻከረና አልመለስ አለ። ሐኪሙ ጉሮሮዋን አየና፣ እንዳትሞት ከተፈለገ የድምፅ ሳጥኗ መውጣት እንዳለበት ነገራት። እሷ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፦ ሦስት ሳምንት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የታሪክ መማሪያ አልተነበበም ነበር፤ ከአድማጮቿ መካከል ሰባቱ ደግሞ ዘንድሮ ተፈታኞች ናቸው።

ያን መጽሐፍ ስታነብ እታች ሆኜ ሙጫ እየቀባሁ ምቱ ይሰማኝ ነበር። ኳ፣ ኳ። እየበዛ ሄደ። በሁለተኛው ሳምንት ኮምፒውተሩ ሞላና «ቦታ የለም» አለ። ጠራችኝ።

«የድሮዎቹን ልሰርዛቸው ነው፣» አለች በሻከረ ድምፅ። «መቶ አምስት መጽሐፍ ነው። እዚህ ባይኖሩስ? አርባ አንድ ቦታ ተቀምጠዋል እኮ።»

እውነቱን ልናገር፤ እኔም ብልሃት መስሎኝ ነበር። ሁለታችንም የመጽሐፍ ሰዎች ነን። አንድ መጽሐፍ ለአርባ አንድ ቤት ከታደለ በኋላ የመደርደሪያው ቢነሳ የየቤቱ አይጠፋም። ያንን ሕግ ለፋይልም ሰጠነው። ከሦስት ዓመት በፊት «ያልጸዳው ይጥፋ» ብላ ያዘዘችውን እሷ ረስታው ነበር፤ እኔማ ነገሩን ከነመኖሩም አላውቀው። የድሮዎቹን ሰረዘች፤ የተሰረዘው የሚጠራቀምበትን የኮምፒውተሩን ቅርጫትም ባዶ አደረገችው። ታሪኩን አንብባ ጨረሰች።

የመጨረሻው ቅዳሜ ሁሉም እንዲመጡ ተነገራቸው። ሰኞ ሆስፒታል ልትገባ ነውና ስንብትም ነበር። አርባ ሰዎች መጡ። ደረጃው ላይ ተሰልፈው አንዱ የአንዱን ትከሻ ይዞ ቆመ። ፍላሾቹን ከየአንገታቸው እየተቀበልኩ አቀብላታለሁ፤ እሷ ትሰካለች፤ አዲሱ መጽሐፍ ከባድ ስለነበር እያንዳንዱ ደቂቃዎች ይወስዳል፤ አረንጓዴው ምልክት ሲመጣ ነቅላ በገዛ እጇ አንገታቸው ላይ መልሳ ታጠልቅላቸዋለች። አንዷ አድማጭ፣ ልብስ ሰፊ ናት፣ እጇን ይዛ አልለቅ አለቻት።

«እትዬ፣ እኛ ዓይን የለንም፣ አንቺ ድምፅ ልታጪ ነው። ተደጋግፈን አንድ ደህና ሰው አይወጣንም?»

ደረጃው በሙሉ ሳቀ። እትዬ አንባቢም ሳቀች። በድምፅ ስትስቅ የሰማኋት ያን ቀን ለመጨረሻ ጊዜ ነው።

ጋሼ ሴንትራል አልመጡም።

ሰኞ ቀዶ ጥገናው ተደረገላት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሰላም ወጣች። ረቡዕ ጠዋት የቤተ መጻሕፍቱ ስልክ ጮኸ። ልብስ ሰፊዋ ነበረች።

«እኔ ጋ አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው ያለው። የቀሩትን ውሃ በላቸው እንዴ?»

ስልኩን ሳልዘጋው በሉት፤ ሌላው ቀጠለ። እስከ ምሳ ሰዓት አሥራ ዘጠኝ ሰው ደወለ። ባለሙያዋ ከሥራዋ ተጠርታ መጣችና ፕሮግራሙን ስታይ ራሷን ያዘች።

«ከዚህ የጠፋውን ከነሱም ያጠፋል። እንደዚያ አድርጊው ብላኝ እኮ ነው።»

ሁለት ቀን ደከመች። በኮምፒውተሩም በፍላሾቹም ላይ ያ ረጅሙ የታሪክ መጽሐፍ በጠፋው ቦታ ላይ ተጽፎበታል። ያወጣችው ቁርጥራጭ ነው፤ እዚህ ግማሽ ዓረፍተ ነገር፣ እዚያ ጅምር ቃል። መጽሐፍ ቢቀደድ እጠርዘዋለሁ። ይህን በምን ልጠርዘው?

ሆስፒታል ስሄድ ልነግራት አላሰብኩም። እሷ ግን የሰው ፊት እንደ ገጽ ነው የምታነበው። አንገቷ በፋሻ ተጠቅልሏል። ደብተሯን አንስታ ጻፈች፦ «ምን ሆነሃል?»

ነገርኳት። «ሁሉም?» ብላ ጻፈች።

«ሁሉም።»

ዓይኗን ጨፈነች። ያነበበችውን ደግማ እንዳታነበው ድምፁ የለም፤ ይህን ሁለታችንም እናውቃለን፣ ማንሳት ግን አላስፈለገንም። ቆይታ ዓይኗን ገለጠችና በፍጥነት ጻፈች፦ «ጋሼ ሴንትራል ቅዳሜ መጥተው ነበር?»

«መች ይመጣሉ! አኩርፈው የለ?»

ደብተሩን ደረቷ ላይ አድርጋ ወደ ጣሪያው ቀና አለች። የዚህን ጊዜ እኔም ገባኝ። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም የሚባለው ለካ እንዲህ ላለው ነው።

በማግስቱ ቤታቸው ሄድኩ። አንድ ክፍል ነው፤ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ከሥራ ሲሰናበቱ የተሰጣቸው ጥቁር ስልክ። ፍላሿ በገመዷ አንገታቸው ላይ ነበረች። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ሲሰሙ ቆዩና ፍላሿን በመዳፋቸው ጨበጡ።

«ከርሳም ነው ብያችሁ ነበር።»

«ብለው ነበር፣ ጋሼ።»

«ቅዳሜ ያልመጣሁት በኩርፊያ አይደለም፣ እወቅ። ስንብት አልወድም። ሠላሳ ዓመት ስልክ ቀድሜ ዘግቼ አላውቅም።» አፍንጫቸውን ጠረጉ። «ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ድምፁ ግን የለም።»

«እዚህች ላይ አለ» አሉ፣ ፍላሿን እየነካኩ።

«ጋሼ፣ ብትጠፋስ? ዛሬውኑ ወስጄ ላስገልብጣት።»

«አንተ ጠራዥ ነህ፤ ሙጫህን ጠብቅ። ከእጄ አትወጣም። እሷ ስትነሳ እኔው ይዣት እመጣለሁ፣ እኔው እሰካታለሁ። እሷ በሌለችበት አይሆንም።»

ብለምን ብሠራ ጠብ አላለም። ሦስት ሳምንት ጠበቅን። ዝናብ በዘነበ ቁጥር፣ መኪና በጮኸ ቁጥር፣ የማስበው አንገታቸው ላይ ያለችውን ያቺን አውራ ጣት የምታክል ነገር ነበር። ከዚያች በስተቀር በዓለም ላይ የእትዬ አንባቢ ድምፅ ያለበት አንድ የታሪክ መጽሐፍ ብቻ ነው። ሌት ተቀን ጸለይኩ ብል ማጋነን ይሆናል፤ ደረጃ በወጣሁ ቁጥር ግን ጸልያለሁ።

ቀኑ ደረሰ፤ ቅዳሜ ጠዋት። እትዬ አንባቢ አንገቷን በሻርፕ ሸፍና ከጠረጴዛው ማዶ ተቀመጠች። ጋሼ ሴንትራል አዲስ ኮት ለብሰው መጡ። ገብተው በእጃቸው ፈለጓት፣ እጇን አገኙና ጨበጡት። ባለሙያዋ በመንገድ ላይ ናት፤ ታክሲ አጥታ ዘግይታለች።

«ምን እንጠብቃለን?» አሉ ጋሼ። «መሰካት ነው። ሕፃን ይሰካዋል። አንተ ጠራዥ፣ ቀዳዳውን አሳየኝ።»

እኔም ሰው ነኝ፤ ችኮላው ያዘኝ። ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ገመዱን ከአንገታቸው አወለቁ። እጃቸውን ይዤ ወደ ቀዳዳው መራሁት። ያ ፕሮግራም ገና ከነነፍሱ እዚያ እንደተቀመጠ፣ ፍላሽ ሲገባበት ማንንም ሳይጠይቅ እንደሚነሳ፣ በፍጹም ትዝ አላለኝም። የፍላሿ ጫፍ ብረቱን ነካ።

እትዬ አንባቢ በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ ያለውን የፕሮግራሙን ምልክት አየች። አፏን ስትከፍት አይቻለሁ። ከሻርፗ ሥር የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር፤ ለእኔ ምንም አልነገረኝም።

ከዚያ ጠረጴዛውን መታች። ኳ፣ ኳ።

ጋሼ ሴንትራል እሳት እንደነካው ሰው እጃቸውን ሳቡ።

«ልቀቀኝ!» አሉኝ። ፍላሿን ደረታቸው ላይ ለጠፏት።

«ምን ሆኑ፣ ጋሼ?»

«ስህተት አለ።»

«የምን ስህተት?»

«እኔ ምን አውቄ! የምታውቀው እሷ ናት። ሁለቴ መታች እኮ፣ አትሰማም እንዴ? ሁለቴ ስትመታ ስህተት አለ ማለት ነው። ስንት ዓመት ሰምቼዋለሁ።»

ደብተሩን ስባ ጻፈች። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት፦ «ከተሰካ ይጠፋል።»

ወንበሩን ስቤ ተቀመጥኩ። እኔ ያንን ምት የለመድኩት ከላይኛው ፎቅ እንደሚመጣ ኳኳታ ነው፤ የጸዳውን ሰምተው የኖሩት አድማጮች ደግሞ ጨርሰው ረስተውታል። ምን ማለት እንደሆነ ሳያስብ የሚያውቅ ጆሮ ያን ጊዜ በክፍሉ ውስጥ አንድ ብቻ ነበር።

ባለሙያዋ እያለከለከች ደረጃውን ስትወጣ ሦስታችንም ሳንነቃነቅ አገኘችን። ፕሮግራሙን ነቅላ አወጣችው። እንደዚያም ሆኖ ያንን ኮምፒውተር አላመነችውም፤ የራሷን ላፕቶፕ ከቦርሳዋ አወጣች።

«ጋሼ፣ አሁን ይስጡኝ። ከእርስዎ ወደ እኔ ብቻ ነው የሚሄደው። ወደ እርስዎ የሚመለስ የለም።»

«በልጆችሽ ማይ።»

«በልጆቼ።»

ሰጧት። ሰማንያ አንድ መጽሐፍ ነበር፤ ጋሼ ካኮረፉ በኋላ የተነበቡት ሃያ አራቱ ግን የሉበትም፣ እነሱ ጠፍተው ቀሩ። ሰማንያ አንዱን ሦስት ቦታ ገለበጠቻቸው፤ አንዱን ዲስክ እኔ እታች የብራና መጻሕፍት ከሚቀመጡበት ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት።

ከዚያ እትዬ አንባቢ ወደ ማጫወቻው ጠቆመች። ባለሙያዋ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ከፈተች። ድምፁ መጣ፤ ወጣት፣ ጥርት ያለ፣ ትንሽ የሚቸኩል። አንድ ገጽ ያህል ሄደና ኳ፣ ኳ። «ይቅርታ፣ ደግሜ አነባለሁ።» ወዲያው ከበስተኋላ፣ ከሌላ ክፍል፣ የአሮጊት ድምፅ፦

«ልጄ፣ ሻይሽ ቀዘቀዘ እኮ!»

«መጣሁ፣ እማዬ፣» አለ የማይክሮፎኑ ድምፅ እየሳቀ።

እናቷ ካረፉ ስድስት ዓመታቸው ነበር። ያንን ድምፅ ከዓመታት በፊት ቆርጣ ያወጣችው ራሷ ናት፤ ከእናቷ ድምፅ ሌላ ቦታ የቀረ አልነበረም። ሻርፗን ወደ አፏ ሳበችና አለቀሰች። ስታለቅስም ድምፅ የላትም። ጋሼ ሴንትራል እንዴት እንዳወቁ አላውቅም፤ ኪሳቸውን ፈትሸው መሐረባቸውን በጠረጴዛው ላይ ወደ እሷ ገፉት። «ብያችሁ ነበር» አላሉም። እሳቸውን ለሚያውቅ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ባለሙያዋ ሲረጋጋ ጠብቃ በቀስታ ጠየቀች። «ኳኳታውን ላውጣው? አሁን በአንድ ቀን ሥራ ይወጣል።»

እትዬ አንባቢ ደብተሩን አነሳች፦ «ይቆይ።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ አርባዎቹ መጡና ሰማንያ አንዱን መጽሐፍ በየፍላሻቸው ገለበጥንላቸው። በዚያው ሳምንት ልብስ ሰፊዋ ደወለችልኝ።

«ያቺ ሻይ ቀዘቀዘ የምትለው ማናት?»

«እናቷ ናቸው። ነፍሳቸውን ይማር።»

«አሜን። ጠጣችው ግን?»

ስልኩን ይዤ ላይ ወጣሁና ጠየቅኳት። ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ሳቀች፤ «ቀዝቅዞ» ብላ ጻፈች።

የጠፉትን ሃያ አራት መጻሕፍት አሁን በየተራ እያነበብን ነው፤ ጠዋት ጠዋት እኔ፣ ከሰዓት በኋላ ባለሙያዋ። እኔ ፊደል ዘግይቶ የገባኝ ሰው ነኝ፤ ረጅም ዓረፍተ ነገር ሲመጣ እሰናከላለሁ። እትዬ አንባቢ ከጎኔ ትቀመጣለች፤ መጽሐፉ በሁለታችን መካከል ነው። ሳሳት ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ ትመታለች። «ይቅርታ፣ ደግሜ አነባለሁ» እላለሁ። ትናንት አንዱን ገጽ ዘጠኝ ጊዜ ደገምኩት። ጋሼ ሴንትራል በሩ አጠገብ፣ ፍላሻቸውን በአንገታቸው አንጠልጥለው፣ ቁጭ ብለው ይሰሙናል።